ጎማ ያለው ጠረጴዛ ፍለጋ በመርካቶ

አንባቢ ሆይ፤ ስለ አገር ጉብኝት የተጻፈ ነገር ሲያገኙ ልብዎ ወደ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ ወደ ጎንደር ግንብ ወይም ወደ ሐረር ጀጎል ቢሄድ አልፈርድብዎትም። እኔም ለእነዚያ ቦታዎች ያለኝ አክብሮት ከማንም አያንስም። ነገር ግን በወር ደመወዝ የሚኖር ሰው፣ ይልቁንም የተማሪ ኪስ ያለው ወጣት፣ በየጊዜው አውሮፕላን ሊሳፈር አይችልምና ዛሬ በእግር ተሂዶ በእግር የሚመለሱበትን ጉዞ ላስጎበኝዎ አስቤአለሁ። የምንሄደው ከአራዳ ወደ መርካቶ፣ ከመርካቶም ወደ ጉለሌ ነው። የምንፈልገውም ታሪካዊ ቅርስ ሳይሆን ለአንድ የእንጨት መገጣጠሚያ ጠረጴዛ የሚሆን ጣውላ፣ ብሎንና ጎማ ነው።

ጠረጴዛ ጎማ ምን ይሠራለታል ይሉኝ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ በቴክኒክና ሙያ ተቋም የእንጨት ሥራ ተምሮ ወጣ። ቀጣሪ ሲያጣ ጊዜ ሁለታችን በተከራየነው ቤት ደጃፍ ላይ ሁለት በርሜል አቁሞ፣ በላያቸው ሳንቃ አጋድሞ፣ ቁም ሳጥንና የመጽሐፍ መደርደሪያ መሥራት ጀመረ። ግቢው ግን የአምስት ቤተሰብ ግቢ ነው። ልብስ የሚታጠበው፣ በርበሬ የሚሰጣው፣ ቡና የሚፈላው፣ ሕፃናት የሚራወጡት በዚያችው አንዲት ሜዳ ላይ ነው። የቤቱ ባለቤት ደግ እናት ስለሆኑ ሦስት ወር ታገሡን። ገና ካለፈ በማግሥቱ ግን ጠሩንና፣

«ልጆቼ፤ የወጣት ሥራ ማየት ደስ ይለኛል። ግን ግቢው የሁላችን ነው። በጥር ሃያ አንድ የማርያም ጽዋ እኔ ዘንድ ነው፤ ማኅበርተኛው የት ይቀመጥ? ማታ ማታም ሰው በጨለማ እየተደናቀፈ ነው። ወይ በየማታው አንሡት፣ ወይ ሌላ ቦታ ፈልጉለት» አሉን።

ሌላ ቦታ ማለት በየወሩ ኪራይ የሚከፈልበት ቤት ማለት ነው። የእኔ የመምህርነት ደመወዝና የእርሱ ገቢ ተደምረው ይህን አይችሉም። በዚህም ላይ ወንድሜ ከአንድ ሙሽራ ቤተሰብ ቀብድ ተቀብሎ ነበር፤ ሠርጉ በጥር መጨረሻ፣ ቁም ሳጥኑ ደግሞ ገና በጣውላነቱ! ስለዚህ ቀን እንደ ቋጥኝ የሚቆም፣ ማታ እንደ ጋሪ የሚሄድ፣ በ80 ሴንቲሜትር በር ሾልኮ የሚገባ ጠረጴዛ በሁለት ሳምንት ውስጥ መሠራት ነበረበት። ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም ቅዳሜ ጠዋት ይህን ይዘን ወጣን።

በጊዮርጊስ በኩል ያለፍነው አለምክንያት አይደለም። መንገዱን እኔ መረጥሁት። ባለ ስምንት ማዕዘኑ ካቴድራል አጠገብ ቆመው ወደ ምዕራብ ቢመለከቱ የአዲስ አበባን የንግድ ታሪክ በአንድ ዕይታ ያገኙታል። የከተማው ትልቁ ገበያ በፊት እዚሁ አራዳ ላይ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም ከተማውን ከያዘ በኋላ ነጩንና ያገሩን ሰው ለመለየት ባወጣው ፕላን ምክንያት ገበያው ወደ ምዕራብ እንዲወርድ ተደረገ። አራዳ «ፒያሳ» ተባለ፤ ያገሬው መገበያያም «መርካቶ» ተባለ። በ1933 ዓ.ም ጠላት ሲወጣ ስሞቹን ይዞ አልሄደም። መርካቶ በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነውና «መርካቶ ገበያ ዋልሁ» የሚል ሰው «ገበያ ገበያ ዋልሁ» ማለቱ ነው፤ ሆኖም ማንም ሲስቅበት አላየሁም።

ከዚያ ቁልቁል ነው። እግርዎ ራሱ ይወስድዎታል፤ ሕዝቡም ይገፋዎታል። የታላቁ አንዋር መስጊድ ሚናራና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ጎረቤት ሆነው ሲታዩ መርካቶ መግባትዎን ያውቁታል። እዚህ ስፍራ ሁሉ ነገር በ«ተራ» ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ሰፈር፣ የራሱ ጩኸት፣ የራሱም ሽታ አለው። በሸማ ተራ በኩል ስናልፍ ወንድሜ እርምጃውን ቀነሰ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም በዚያ የደረሰው የእሳት አደጋ ብዙ ነጋዴ ባዶ እጁን ያስቀረ ነበርና፣ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው ሰው ዕቃውን ዘርግቶ ሲጠራ ማየት ያስደንቃል። እንጨትና ቀለም በሚቀመጥበት ቤት እሳት ምን እንደሆነ የእንጨት ሠራተኛ ከማንም ይበልጥ ያውቃል፤ ወንድሜ ከዚያን ቀን ወዲህ ፍቅፋቂውን በየማታው ጠርጎ ወደ ውጭ ሳያወጣ አይተኛም።

ወደ ጣውላ ሻጮቹ ሲቃረቡ ገና ሳይደርሱ የጽድ ሽታ ይቀበልዎታል። ጣውላው እንደ ወታደር ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ወንድሜ ገና ሳይገባ ዓይኑ በዋንዛ ላይ አረፈ። ዋንዛ ለአናጢ የዋህ እንጨት ነው፤ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ሲደርቅ ብዙ አይጣመምም፣ ሲወለወል ደግሞ መልኩ ያምራል። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና የአገራችንን ጽድ ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ የመመናመናቸውን ልክ ከዚህ መገመት ይቻላል። ዋጋውም ከእኛ ኪስ ጋር የሚተዋወቅ ሆኖ አላገኘነውም።

ባሕር ዛፍስ? ባሕር ዛፍ የአዲስ አበባ ባለውለታ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ ባይተከል ኖሮ ከተማው በማገዶ እጦት ሌላ ቦታ በተዛወረ ነበር ይባላል። ይሁን እንጂ ለመወጣጫና ለማገር እንጂ ለጠፍጣፋ ጠረጴዛ አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ እንደ ገመድም ይጠማዘዛል። የቀረው የፈረንጅ ጽድ ነው። ይህንኑ ስንመርጥ ሻጩ ከጥግ የቆሙ አራት አሮጌ ወራጆች አሳየን፤ ጠቁረዋል፣ የምስማር ቀዳዳም አለባቸው።

«ይህ በፒያሳ ከፈረሰ ቤት የወጣ ነው» አለን። በ2016 ዓ.ም ለኮሪደር ልማት በዚያ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነበርና ነገሩ ሊሆን ይችላል። ወንድሜ አንዱን አንሥቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ተኳሽ በርዝመቱ ተመለከተው። ቀጥ ያለ ነው። በጣራ ሥር ዓመታት የኖረ እንጨት የሚጣመመውን ያህል ተጣምሞ ጨርሷል፤ ቀጥ ብሎ ከተገኘም ቀጥ ብሎ ይኖራል። አራቱንም ለእግር ገዛናቸው። አንባቢ ሆይ፤ እርስዎም እንዲህ ያለ አሮጌ እንጨት ከገዙ መጋዝ ከማስነካትዎ በፊት ማግኔት ያስኪዱበት። ውስጡ ተሰብሮ የቀረ አንድ ምስማር የመጋዝ ጥርስ ይጨርሳል፤ ተፈናጥሮም ዓይን ያጠፋል።

ለላዩ የገዛነው 9 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንድ ሙሉ ኤምዲኤፍ ነው። ኤምዲኤፍ ከተፈጨ እንጨትና ከሙጫ በሙቀት ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ ነው። ስፋቱ 122፣ ርዝመቱ 244 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ክብደቱ ወደ 20 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ውሃ ጠላቱ ነው፤ ሲቆረጥ የሚወጣው ብናኝ ደግሞ የሳንባ ጠላት ነውና አፍንጫን ሳይሸፍኑ መቁረጥ አይገባም። ወንድሜ ዋጋውን ሲከራከር እኔ በኪሴ ባለው ወረቀት ላይ ሒሳቡን ሠራሁ። ከዚያ አንድ ሰሌዳ 120 በ70 ሴንቲሜትር የሆኑ ሁለት ገጾች ይወጣሉ፤ የሚተርፈው 52 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ረዥም ቁራጭ ደግሞ እያንዳንዱ 7 ሴንቲሜትር ሆኖ ቢሰነጠቅ ሰባት ዘንግ ይሰጣል፤ መጋዙ በልቶ የሚያስቀረውንም አስቤዋለሁ። በሁለቱ ገጾች መካከል እነዚያ ዘንጎች እንደ መስኮት ፍርግርግ ተሰካክተው ሲጣበቁ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ቀላልና የማይጎብጥ ሳጥን ይሆናል። የአውሮፕላን ክንፍም በዚሁ ዘዴ ነው የሚጠነክረው፤ ጭነት ሲያርፍበት አንደኛው ገጽ ሲጨመቅ ሌላኛው ይወጠራል፣ በመካከል ያሉት ዘንጎች ሁለቱን አራርቀው ይይዟቸዋል። ወፍራም ሳንቃ ቢሆን ግን ክብደቱ ብቻ በየማታው ወገባችንን በቆረጠው ነበር።

እስቲ አሁን ትንሽ ጆሮዎን ይስጡኝ፤ በዚህ ሰፈር የሚነገረውን ቋንቋ ያድምጡ። «ሞራሌ ስንት ነው? ኮምፔርሳቶ አለህ? ቪቴውን በካቻቢቴ እሰረው፤ ዳዶውን ከነሮንዴላው ስጠኝ፤ በስኳድራ ለካው፣ በሞርሳ ያዘው፣ በትራፓኖ ብሳው፣ ኮላ ቀባው።» ምሁራኖቻችን ለእነዚህ ሁሉ የግዕዝ ስም ሊያወጡላቸው ይመኛሉ። ምኞቱ መልካም ነው። መጋዝ፣ መዶሻ፣ መሮ፣ መጥረቢያ፣ ምስማር የሚሉት ቃላት ግን ዕቃው ቀድሞም በእጃችን ስለነበረ ከእጃችን ሳይወጡ ቀርተዋል፤ ዳዶና ሮንዴላ ደግሞ ከነዕቃቸው መጥተው ከነዕቃቸው ገቡ። ወንድሜ ዳዶ ብሎ ሲጠይቅ ሻጩ ሳያየው እጁን ወደ ትክክለኛው ሣጥን ይሰድዳል። ከዚህ የበለጠ አንድ ቃል ምን እንዲሠራ ይፈለጋል?

ከዚያ ወደ ምናለሽ ተራ ሄድን። ጉዞው ሁሉ የተደከመለት ስፍራ ይህ ነው። «ምን አለሽ?» የሚለውን ጥያቄ ለስም የመረጠ ሰው የገባው ሰው ነው። የሌለ ነገር የለምና! የዘይት ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ የቡና መቁያ ይሆናል፣ በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ የመኪና ጎማ ጫማ ይሆናል። አንዱ የተጣመመ ብረት እያቃና ነው፤ ሌላው ከተቆራረጠ ላሜራ ባልዲ ይሠራል። የመዶሻው ጩኸት ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚመጣ ሰው የሚነጋገረው በጆሮ ሳይሆን በከንፈር እንቅስቃሴ ይመስላል። ከተማው የጣለውን ሁሉ እዚህ ያነሡታል፣ ያጥቡታል፣ ያቃኑታል፣ ለከተማውም መልሰው ይሸጡለታል። ሥራቸው ድህነት የወለደው ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ እዚያ ያየሁትን ያህል ብልኀት በብዙ ስብሰባ ላይ አላየሁም።

የጎማው ክምር የተለየ ዓለም ነው። የቢሮ ወንበር ጎማ፣ የሕፃን ጋሪ ጎማ፣ የገበያ መግፊያ ጎማ፣ የሕሙማን አልጋ ጎማ በየዓይነቱ ተደርድሯል። ወንድሜ ያሰበው ዙሪያውን የሚሽከረከሩ፣ ፍሬን ያላቸው አራት ትናንሽ ጎማዎችን ነበር። አራት መርጦ እያሽከረከረ ኩሽኔታቸውን ሲያዳምጥ፣ አጠገባችን ማጠፊያ የሚመርጡ አንድ ሽማግሌ አናጢ ቀና ብለው አዩት። ጣቶቻቸው ጠባሳ በጠባሳ ናቸው።

«ልጄ፤ ጎማው ለምንህ ነው?»

«ለጠረጴዛ ነው አባባ። ማታ ማታ ወደ ቤት እንድናስገባው።»

«በጠረጴዛው ላይስ ምን ትሠራለህ?»

«እገጣጥማለሁ፣ እልጋለሁ፣ እበሳለሁ።»

«እንግዲያው ጎማ ላይ ቆሞ ሥራ የለም። ፍሬኑ ጎማውን ይይዘዋል፤ አንገቱን ግን ማን ይያዘው? መላጊያውን በገፋህ ቁጥር ጠረጴዛህ እንደ ሰካራም ይወዛወዛል። ደግሞ ቤትህ ደጅ ሲሚንቶ ነው?»

«ኮብልስቶን ነው።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ይህች የቢሮ ጎማ በኮብልስቶን ላይ ሦስት ቀን ብትሄድ ምን አለ በለኝ!»

ከዚያ ቁጭ ብለው በመዶሻ እጀታ መሬቱን እየጫሩ አስረዱን። እኔም እንደ ተማሪ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። በመጀመሪያ ያነሡት የጅማን በርጩማ ነው፤ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣው ያ መቀመጫ ስንት እግር አለው? ሦስት። ለምን? ባልተስተካከለ መሬት ላይ ሦስት እግር አይንገዳገድም። እኔ በክፍል ውስጥ «በአንድ መስመር ላይ ያልሆኑ ሦስት ነጥቦች አንድ ጠለል ይወስናሉ» እያልሁ ሰሌዳ ላይ የምጽፈውን እርሳቸው ቁጭ ብለውበት ያደጉት ነው። አራተኛው እግር በመጣ ጊዜ ግን ጣጣም አብሮ ይመጣል፤ ስለዚህ ከአራቱ እግሮች ሁለቱ በብሎን የሚረዝሙና የሚያጥሩ መሆን አለባቸው።

ጎማውን በሚመለከት ምክራቸው ይህ ነበር። ሁለት ብቻ ይበቃል፤ ነገር ግን ትልልቅ ይሁኑ። ትንሽ ጎማ በድንጋዮቹ መካከል ባለው ክፍተት ይወድቃል፤ ትልቁ ግን በላዩ ያልፋል። ሁለቱም በአንድ ወገን ብቻ፣ ከእግሮቹ 10 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውጭ ይታሰራሉ። ጠረጴዛው በአራት እግሩ ሲቆም ጎማዎቹ መሬቱን አይነኩም፤ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብለው ይንጠለጠላሉ። ሌላውን ጫፍ ይዘው አምስት ሴንቲሜትር ያህል ሲያነሡት ጎማዎቹ መሬት ይነካሉ፤ ከዚያ በላይ ሲያነሡት እግሮቹ ሁሉ ይለቅቃሉና ጠረጴዛው የግንበኛ መግፊያ ጋሪ ሆነ ማለት ነው። ሲያስቀምጡት ደግሞ በእግሩ ይቆማል። ፍሬን አያስፈልገውም፤ የራሱ ክብደት ፍሬኑ ነው።

ወንድሜ አራቱን ትናንሽ ጎማዎች ወደ ክምሩ መለሰ። የመረጥናቸው ሁለቱ ወፍራም የላስቲክ ጎማዎች 20 ሴንቲሜትር ዲያሜትር አላቸው። ሻጩ 2,400 ብር ጠየቀን። ሽማግሌው «የልጆቹ ለሥራ ነው እኮ» ብለው አንድ ቃል ጣል አደረጉልንና በ1,500 ብር ተለያየን። ስማቸውን ብጠይቃቸው «ሲሠራ ንገረኝ» ብለው በሕዝቡ መካከል ተሰወሩ።

ዕቃውን በሰው በሚገፋ ጋሪ ጭነን ወደ ጉለሌ ስንወጣ ዳገቱ አልቻለንም፤ ሦስታችን ሆነን ገፋነው። ባለ ጋሪው ወሬኛ ወጣት ነበር። ምን ልንሠራ እንደሆነ ሲሰማ፣ «ሰፈራችሁ ቢፈርስስ?» አለ። በከተማችን በዚህ ዘመን የማይነሣ ጥያቄ አይደለም። ወንድሜ ላቡን እየጠረገ፣ «ጎማ እኮ አለው» ብሎ መለሰለት። ባለ ጋሪው በዚህ እስከ ግቢያችን በር ድረስ ሳቀ፤ እኔ ግን ብዙም አልሳቅሁም።

ስለ አሠራሩ በዝርዝር ብጽፍ ገጹ አይበቃኝም፤ ሁለት ነገር ብቻ ልንገርዎ። የመጀመሪያው ሳጥኑን የማጣበቁ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ባዶ ሳጥን ኮላው ሲደርቅ በተኛበት መልክ ይቀራል፤ ተጣምሞ ከደረቀ ዕድሜውን ሙሉ ጠማማ ነው፣ በላዩ የሚገጣጠም ቁም ሳጥን ሁሉ በሩ አይገጥምም። ስለዚህ መደቡን ማስተካከል ግድ ነበር። ቀጥ ያሉ ሞራሌዎች በግቢው መሬት ላይ ዘርግተን፣ በውሃ ልክ እየለካን፣ ከሥራቸው ሽብልቅ እየሰካን አስተካከልናቸው። ከዚያ ሁለት ክር ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በአግድም ወጠርን። ክሮቹ በመካከል ሲተላለፉ ሳይጫጫኑ ጥቂት ከተነካኩ አራቱ ማዕዘኖች በአንድ ጠለል ላይ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ከራቀ ወይም አንዱ ሌላውን ከተጫነ ግን የሆነ ማዕዘን ከፍ ወይም ዝቅ ብሏል። የእኛዎቹ በመጀመሪያ የጣት ውፍረት ያህል ተራርቀው ነበር፤ አንድ ሰዓት ያህል ደክመን አገናኘናቸው።

ኮላ የተቀባ ነገር እስኪደርቅ መጫን አለበት። ሞርሳ ያለን ሁለት ብቻ ነው፤ ለዚህ ሥራ ሃያ እንኳ አይበዛም። ጎረቤቶቻችን ቆመው ይመለከቱን ነበርና ከመካከላቸው አንዲት እናት «ታዲያ ጀሪካን አይሆንም?» አሉ። በአዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅ ቤት ሁሉ የሞላ ጀሪካን አያጣም። ከአምስቱ ቤት ዐሥር ጀሪካን መጣ፤ እያንዳንዱ 20 ሊትር ነውና 200 ኪሎ ግራም ክብደት በሳጥኑ ላይ ተደረደረ። የቤቱ ባለቤትም ሁለቱን ራሳቸው ጎትተው አመጡ። እስከ ማግሥቱ ድረስ ማንም ውሃውን አልነካም።

ሁለተኛው ነገር ሰም ነው። ከሚገጣጠመው ዕቃ ተጨምቆ የሚወጣው ኮላ ከጠረጴዛው ጋር ስለሚጣበቅ፣ ገጹን በንብ ሰም ማሸት ይጠቅማል። ወንድሜ ደጋግሞ አሸው፤ የደረቀ ኮላ አሁን በጥፍር ይነሣል። የጠረጴዛው ቁመት 60 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ለመላግ አጠር ቢልም የሰው ቁመት ያለውን ቁም ሳጥን አስተኝቶ ለመገጣጠም የተመቸ ነው፤ ዙሪያውን ስለሚዞሩት ዕቃውን ማገላበጥ አያስፈልግም።

ጥር 20 ማታ የመጀመሪያው እውነተኛ ፈተና ነበር። ወንድሜ እጀታውን ይዞ አነሣው፤ ጎማዎቹ መሬት ነኩ፤ ድንጋዩን እየዘለለ፣ ደፉን ተሻግሮ፣ በበሩ በሁለቱም ወገን አምስት አምስት ሴንቲሜትር አስቀርቶ ገባ። አልጋችን አጠገብ ቆመ። ግቢው ባዶ ሆነ። የቤቱ ባለቤት በመብራት ወጥተው ሜዳውን ዞረው ተመለከቱና ምንም ሳይናገሩ ገቡ።

በማግሥቱ የአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ ገና ጽዋው ሳይጀመር በራችን ተንኳኳ። «ያንን ጠረጴዛችሁን ብታወጡልኝ» አሉ የቤቱ ባለቤት፤ «ዳቦውና ጠላው የሚቀመጥበት አጣሁ።» በነጭ ልብስ ሸፍነውት ማኅበርተኛው ሁሉ በዙሪያው ተቀመጠ። አንድ ካህን በእጃቸው ነቅነቅ አድርገው፣ «ይህስ የጸና ነው» ብለው በአድናቆት ተናገሩለት። ወንድሜ ያን ጊዜ እንጀራ እያቀረበ ነበር፤ ጆሮው ግን የት እንደነበረ ከፊቱ ይታወቅ ነበር።

ቁም ሳጥኑ ጥር 24 ቀን ተጠናቀቀ። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሜትሮ ስንለካው ሁለቱም ሰያፎች እኩል ሆኑ፤ እኩል ካልሆኑ ሳጥኑ ቀጥ ያለ አይደለም። የሙሽራይቱ ወንድሞች መጥተው ወሰዱት፤ የቀረውንም ሒሳብ ከፈሉ። ከዚያ ወዲህ ሁለት መደርደሪያና አንድ የተማሪ ዴስክ ታዝዟል። ኪራይ ስለሚከፈልበት ቤት ለጊዜው አናወራም። እኔም ማታ ማታ የተማሪዎቼን ፈተና የማርመው በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከወንበሬ አንጻር ቁመቱ ትንሽ ዝቅ ይልብኛል እንጂ ብርሃኑ ጥሩ ነው።

አንድ ጎማ ግን ሲንቀሳቀስ ይጮኻል። ማለዳ ስናወጣው ግቢው ሁሉ ይሰማዋል፤ የቤቱ ባለቤትም ትናንት «ደወሉን ቀቡት እንጂ» ብለዋል። ቅዳሜ ግራሶ ልንገዛ ወደ ምናለሽ ተራ እንወርዳለን፤ ሽማግሌውንም ብናገኛቸው መሠራቱን እንነግራቸዋለን።